የቦዩ ዳር አበባ

ሰመራ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ የባጃጅ ሹፌር የለም፤ ካላመናችሁ እኔኑ ጠይቁኝ። ትናንት ግን አንዲት የወሎ ሴት ሆቴሏ በር ላይ የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ አጥሯን ስትከረክም ሽታው አፍንጫዬ ገባና ባጃጄን አቆምኩ። ቢጫና ቀይ አበባ ባንድ ራስ ላይ፣ ሲያዩት ያምራል።

ልጅ ሆነን መልካ ወረር ይሄው አበባ ከእርሻው ሠራተኞች ግቢ አምልጦ የመስኖውን ቦይ ዳር ሞላው። የጎረቤታችን የአባ ሁመድ ፍየል በላችው። ጆሮዋ አበጠ፣ አፍንጫዋ ተላላጠ፣ ፀሐይ ሲነካት ትጮህ ጀመር። ከድርቁ የተረፈቻቸው እሷ ብቻ ነበረች። የትከሻቸውን ጨርቅ ዘርግተው ጥላ ሆኑላት።

«አባ፣ ሙሽራ አስመሰሏት እኮ!» አልኩ፣ ላስቃቸው ብዬ።

አልሳቁም። «ድርቅን አውቀዋለሁ፣ ጅብንም አውቀዋለሁ። ይሄን ግን አላውቀውም ልጄ።»

«አሁኑኑ ሙልጭ አርጌ እነቅለዋለሁ!» ብዬ ዘለልኩ። እጄ ተቦጫጨቀ እንጂ ግንዱ ንቅንቅ አላለም።

«ተወው» አሉኝ። «ፍሬውን የሚዘራው ወፍ ነው። ወፍ ታስራለህ?»

እስኪመሽ ድረስ ጨርቁን ከፀሐዩ ጋር ስናዞር ዋልን። ውሃ ብንሰጣትም አልጠጣም አለች።

ትናንት ታዲያ አበባውን ሳይ የሆቴሏ ሴትዮ «ወንድሜ፣ ቆርጬ ልስጥህ? ትተክለዋለህ» አለችኝ።

«ፍየል ይገድላል እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ፍየል የለኝ!» ብላ ሳቀች።

ከአጥሩ ውጪ የሰው ፍየል የተከረከመውን ትለቅማለች። ጥሩንባ ነፋሁባት። ወርጄም አባረርኳት። ዞራ በሌላው በኩል መጣችና እያየችኝ ማኘኳን ቀጠለች።