የሱሉልታ ረግረግና የጉበት ትል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መርፌ የምወጋ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ዶክተር ሰሎሞን ግን የጎማ ቦቲ አስጫምተው፣ ወንፊትና ጠርሙስ አስይዘው ሱሉልታ ረግረግ ውስጥ አስገቡኝ። «ቀንድ አውጣ ልቀም» አሉኝ። የእንስሳት ሐኪም ረዳት ተብዬ ነበር የተቀጠርኩት፤ ቅር አለኝ። ቢሆንም ለቀምኩ። ሥራ ሳይጀምር የሚያኮርፍ ሰው ደመወዝ አይገባውም።

አለቃቀሙ ሥርዓት አለው። የቅርፊቱን ሹል ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስህ አድርገህ ትይዘዋለህ። አፉ በቀኝህ በኩል ከሆነ የጉበት ትል የሚያድርበት ዘር ሊሆን ስለሚችል ወደ ጠርሙሱ ይገባል። በግራህ ከሆነ ወደ ውሃው ትመልሰዋለህ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከዶክተሩ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበብኩ። የትሉ እንቁላል ከእበት ጋር ውሃ ውስጥ ይወድቃል። የተፈለፈለው ትል የቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል፤ ትሉም ጉበቱን ይበላዋል።

ቀንድ አውጣው ግን ሥራ ፈት አይደለም። ምላሱ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፤ የድንጋዩን አረንጓዴ ዝቃጭ ይፍቃል፣ የበሰበሰ ሣር ይበላል። ዳክዬና ጋጋኖ እሱን ይለቅማሉ፤ የእንቁላላቸው ቅርፊት የሚጠነክረው ከእሱ ቅርፊት በሚያገኙት ኖራ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ የአካባቢው ባለርስት የግራዝማች ጭሰኛ ነበሩ። ሁለት በሬና ጥቂት በጎች አሏቸው። አንድ ቀን መንጋጋዋ ሥር ያበጠ በግ እየጎተቱ መጡ።

ዶክተሩ የዓይኗን ሽፋን ገልጠው አዩ፤ ትሉ ደሟን ጨርሶት ነጭ ሆኗል። «ከረግረጉ ያርቋቸው፤ ያለዚያ በሬዎቹም ይከተላሉ» አሏቸው።

«አርቄ የት ላግጣቸው ዶክተር? ባርኔጣዎ ላይ?»

እውነታቸውን ነው። በበጋ አረንጓዴ ሣር ያለው ረግረጉ ብቻ ነው። ደረቁ ሜዳ የግራዝማች ሲሆን፣ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ሆኖ አዲስ አበባ ይሸጣል።

«ግራዝማችን ከመለመን መድኃኒት መርጨት ይቀላል» አሉ ዶክተሩ። ከብቱን አስከልክለን ቀንድ አውጣ የሚገድል ሰማያዊ መድኃኒት በውሃ በጥብጠን ረግረጉ ላይ ረጨን። ቀንድ አውጣው አለቀ። እንቁራሪቱም ዝም አለ፤ ዳክዬዎቹ ወደ ለገዳዲ በኩል ሄዱ።

ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ቀንድ አውጣው እንደ ድሮው ነበር። ዶክተሩ በቢላዋ የረግረጉን ዳር ጭቃ ፈልጠው አሳዩን፤ ተቀብሮ የተረፈ ነበረ።

«እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ነው» አሉ። «አንድ ከተረፈ መንደር ይሆናል።»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። «ጥሎሽ የለ፣ ሽማግሌ መላክ የለ! የታደለ ፍጥረት!»

ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። አንዱ በሬ መክሳት ጀምሮ ነበር። በሬ የሌለው ጭሰኛ ደግሞ ከመሬቱ ይነሣል።

ስለዚህ የቀረልን ልመና ነበር። በዚያው ሰሞን ከሞተች በጋቸው ያወጣነውን ጉበት በባልዲ ይዘን ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ግራዝማች ቤት ሄድን። ስቆርጠው ቅጠል የመሰሉት ጠፍጣፋ ትሎች ወጡ።

«ይህን ጉድ ከፊቴ አንሣ!» አሉኝ ግራዝማች። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረው፣ «የፈለጋችሁትን አውቄዋለሁ። ሜዳዬን ነው» አሉ።

«ዳሩን ብቻ፣ በበጋ ብቻ» አሉ ዶክተሩ። «በሬዎቹ ከሞቱ የእርስዎ መሬትም ጦም ያድራል።»

ግራዝማች ጢማቸውን አሻሹ። «በሬዎቹ ይግቡ። በግ እንዳይረግጥብኝ!»

ኦቦ ቶሎሳ እጅ ነሡ። እኛንም «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑን፤ ፊታቸው ግን አልፈታም። ለበጎቹ ከረግረጉ ሌላ መሰማሪያ አልነበራቸውም።

በሬዎቹ መድኃኒት ጠጥተው በደረቁ ሜዳ አገገሙ፤ በሰኔ አረሱ። በጎቹ ግን መድኃኒት ቢጠጡም ትሉን ከረግረጉ መልሰው እየዋጡ እስከ ፋሲካ አንድ በአንድ አልቀው ነበር።

በዚህ ሙያ ለምትሠሩ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ረግረጉ ላይ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ከብቱ ለምን እዚያ እንደሚግጥ ጠይቁ። ቀንድ አውጣው የሚኖረው በተፈጠረበት ቦታ ነው። ከብቱ ግን የሚሰማራው ሰው በፈቀደለት ቦታ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መነጋገር ያለባችሁ ከፈቃጁ ጋር ነው።