ከሽንዲ የመጡት ዶሮዎች

ፈንግል አንድ ሰፈር ከገባ፣ ያልታመሙትን ዶሮዎች ወደ ዘመድ ማሸሽ በኛ አገር የቆየ ልማድ ነው። አክስቴም ሽንዲ የሚሞቱት ሲበዙባት የተረፉትን በቅርጫት አድርጋ ቡሬ ድረስ አመጣችና ለእናቴ፣ ለታናሽ እህቷ፣ በአደራ ሰጠቻት። ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ ጥሬውን እየተሻሙ ይለቅሙ ነበር።

እናቴ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረቻት። ጓዳ ካልገባሁ ብላ የምትጨቀጭቅ፣ ከኔ ይልቅ የምትደመጥ። ቀንቼባታለሁ፣ ምን ልደብቅ! ብዙም ሳይቆይ የአክስቴ ዶሮዎች አንገታቸው ይጠማዘዝ ጀመር። ከዚያ የኛዎቹ ተከተሉ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃ ጋተቻቸው። ወይ ፍንክች! ገብስማዋም እናቴ ጭን ላይ ሞተች። ግቢው ጭር አለ፤ የዚያን ሰሞን ጠዋት ሳስበው ዛሬም ይከፋኛል።

አክስቴ ለበዓል ስትመጣ ባዶውን ግቢ አይታ ደነገጠች።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት እናቴ። «በሽታው ከኛ ሰፈር ገባና አደራሽን በላሁ።»

እኔ ተንጨረጨርኩ። አክስቴ አኮረፈች፤ ከታረቁ በኋላም «አንቺማ ዶሮ አይበረክትልሽም» እያለች ስታሾፍባት ኖረች። እናቴ ትስቃለች። አንድ ቀን «ለምን እውነቱን አትነግሪያትም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አርፈሽ ተቀመጪ! ብነግራት ሁለተኛ ደጄን የምትረግጥ ይመስልሻል? ዶሮ እንደሆነ ይተካል።»

እናቴ ካረፈች ቆየ። አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ አክስቴም አርጅታ ከኔው ጋር ናት። በቀደም የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥታ ዶሮዎቼ ዓይን ላይ የፈንግል ክትባት ስታንጠባጥብ፣ አክስቴ ጥያቄ አበዛችባት። ልጅቷ ግን ሳትሰለች አስረዳቻት። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ መግባት አለበት። ኩፍኙ በሰው፣ ፈንግሉ በዶሮ። ደህና በምትመስል ዶሮ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ በኩሷም፣ በተጓዘችበት ቅርጫትም ከአገር አገር ይሄዳል።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ ያኔ በኔ ቅርጫት ነው እንዴ የገባው?»

«ኧረ በጭራሽ! ከኛ ሰፈር ነው የገባው» አልኳት።

«እናትሽም እንዲሁ ነበር ያለችኝ» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።