ባሌ ጾም የያዘ ጊዜ

ባሌ ጾም አይሆንለትም ነበር። ከቴፒ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ያን ጊዜ ሞባይል ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር፤ የት ውሎ ምን እንደበላ የማውቀው ተመልሶ ሲነግረኝ ነው፤ ደግሞ አይደብቅም። በዐቢይ ጾም ጅማ ላይ ጥብስ በልቶ ይመጣና እንደ ደህና ወሬ ያወራልኛል። እኔ ሚዛን ተፈሪ ከአስተማሪ ቤት ያደግኩ፣ ነፍስ ካወቅኩ ረቡዕና ዓርብን ያልገደፍኩ ሴት ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ ዳዊቴን ስደግም እሱም እንደ ሰው ጾም እንዲይዝ ሳልለምን አልነሣም።

ልመናዬ የተሰማው በማይሆን ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ከቅበላ በፊት ወባና ታይፎይድ ተደራርበው ጣሉት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ወተት፣ እንቁላልና የሥጋ መረቅ እንዳላቋርጥበት አጥብቆ ነገረኝ። ጾሙ በገባ ዕለት ወተት አፍልቼ ባቀርብለት በእጁ ገፋ አደረገው። ዘንድሮ እጾማለሁ አለ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል፤ መድኃኒቱንም ከዚያ በፊት አይነካም። ከዚያ ትንሽ ሽሮ ቀምሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ባለቅስም አልሰማ አለኝ።

ግራ ገባኝ። ስንት ዓመት ይጹምልኝ ስል የኖርኩት ሴትዮ አሁን ይብላልኝ ብዬ ልጸልይ? የትኛውን ልመናዬን ነው እግዚአብሔር የሚቀበለኝ? አንድ ጠዋት ዳዊቱን ገልጬ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና መልሼ ዘጋሁት።

ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን፤ የጅማ ሴት ናት። ላም ስላላት በየጠዋቱ ለሕመምተኛው ወተት ታመጣለች። አንድ ቀን የትናንቱ እንዳለ መቀመጡን አየች። በእነሱ ሕመምተኛ እንደማይጾም ነግራኝ የእኛን ጠየቀችኝ። በእኛም እንደዚያው ነው አልኳት።

"ታዲያ እሱ የሚጾመው በማን ሃይማኖት ነው?" አለችኝ።



ሲብስብኝ የንስሐ አባቴን መጥተው እንዲያናግሩት ሄጄ ለመንኩ። ከማጂ የመጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለምን እንደሚጾም ጠየቁት። 

"ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብዬ ነው፣ አባ" አላቸው።

እሞታለሁ ብሎ እንደሚያስብ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም።

"እጅ መንሻ ማን ጠየቀህ፣ ልጄ?" አሉት። "ጾም የጠገበን ሥጋ ማስታገሻ ነው። ያንተ ምኑ ይታገሥ? እኔ ፈትቼሃለሁ፣ ብላ።"

ወተቱን ባርከው ሰጡት። እያለቀሰ ጠጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያለውን አንድ ነገር የቀማነው መሰለኝ።

ለፋሲካ ተነሣ፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መኪናውን ያዘ። በዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ምን ያደርግ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። እንደ ቀድሞው በላ። ብቻ ጠዋት መኪናው ላይ ሲወጣ ሞተሩን ቶሎ አያስነሣም፤ መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ምን እንደሚል ጠየቅኩት።

"ምንም አልልም፤ ትንሽ እቀመጣለሁ" አለኝ።

ይኼ ጸሎት ይባል እንደሆነ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ እሱን መጠየቁን እንድተው መከሩኝ። ተውኩት። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።