ራዲያተሩ የት ይተከል?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባሠራው ቤት የቧንቧ ሠራተኛው የሙቅ ውሃ መስመር ገጥሞ ሲጨርስ፣ ጎንበስ ብዬ መጋጠሚያዎቹን በጣቴ ዳሰስሁ። «አይፈስም እማማ» አለኝ፣ ቅር እያለው። እኔ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። በዚያ ላይ የተዳርሁት ከእኔ የባሱ ተጠራጣሪዎች ቤት ነው።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከጊዳ አያና ተድሬ ነቀምት የገባሁበት የመጀመሪያው ክረምት ነበር። የነቀምት ክረምት እርጥበቱ አልጋ ውስጥ ድረስ ይገባል። አማቴ አዴ ጫልቱ አስም ነበረባቸው። ቢሆንም አንጮቴ ሲቀቀል፣ በቆሎ ሲጠበስ፣ ማድቤት ጭሱ መሐል ተቀምጠው እየሳሉ ቤቱን ያዝዙ ነበር። ሐኪሙ ከጭስ ካልራቁ ክረምቱን መውጣታቸውን እንጃ ብሏል።

ባለቤቴ ገመቹ ይህን ከሰማ በኋላ አላስቀምጥ አለው። ዲጋ አጠገብ መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቤቱን ያሞቅበት የነበረውን ብረት ከነቧንቧው ሰጠው። ውጭ በርሜል ውስጥ ውሃ ይፈላል፤ ሙቁ ውሃ በቧንቧ ወደ አማቴ መኝታ ቤት ገብቶ ብረቱን ያሞቃል፤ ጭሱ ውጭ ይቀራል። ስሙ ራዲያተር ነው አለን።

ጉድ የፈላው በስሙ ነው። የባሌ አባት ኦቦ ደሬሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባኮ ጭቃ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። «ራዲያተር ያበርዳል እንጂ ያሞቃል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ፈረንጁ አሹፎብህ እንዳይሆን» አሉ። ሞተሩ የሚበርደው ሙቀቱ በራዲያተሩ በኩል ስለሚወጣ ነው ብሎ ገመቹ ቢያስረዳቸውም ልባቸው አልረጋ። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ በጥፍራቸው ዳሰሱ፤ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል ብለው ቀለሙን ፋቁ። ውሃ እንዳያሾልክ ቃጫ ተጠምጥሞበት ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ከየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ አመድ ነሰነሱ። ውሃ ተሞልቶ ይደር፤ አመዱ ከራሰ ብረቱ ከቤቴ ይውጣ አሉ።

ጠዋት ቀድሜ ተነሥቼ ሳይ፣ ከአንዱ መጋጠሚያ ሥር ያለው አመድ ጭቃ ሆኗል። መጋጠሚያውን ብዳስሰው ግን ደረቅ ነው፤ ቃጫው እንኳ አልራሰም። ዞር ስል አማቴ ጣሳ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። «እኔን እዚህ አሙቃችሁ ስታስቀምጡኝ፣ ማድቤቱን ማን ሊይዘው ነው?»

ደነገጥሁ፤ ተናደድሁም። ለካ የጓዳውን ቁልፍ ለመውሰድ ብረቱን ያስመጣሁት እኔ መስሏቸው ኖሯል። አፌን ልከፍት ስል ሳል ያዛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳሉ። ንዴቴ ጠፍቶ ፍርሃት ገባኝ።

ኦቦ ደሬሳ ሳሉን ሰምተው መጡ፤ አመዱንም አዩ።

«ውሃውን እኔ ነኝ የደፋሁት አባባ» አልሁ። «መጋጠሚያው ደህና ነው። ግን ብረቱ ማድቤት ይተከል። ከማድቤት መውጣት ያለበት እሳቱ ነው፣ እሳቸው አይደሉም።»

እንዳልሁት ሆነ። ምድጃው ከቤት ውጭ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተሠራ፤ አማቴም ማድቤት ብረቱ አጠገብ ተቀምጠው በበሩ በኩል ማዘዛቸውን ቀጠሉ። ሳሉም ረገብ አለ። ግን አላመሰገኑኝም። «ምን ፈልጋ ይሆን?» የሚል ዓይናቸው ክረምቱን ሙሉ ተከተለኝ፤ ቁልፉም ከወገባቸው አልወረደም።

የሚጠራጠር ሰው ልቡ ክፉ የሆነ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የቧንቧ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ግን ልጄ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ክፍልሽ ውስጥ እርፍ በይ፤ ሁሉም ነገር እዚያው ይመጣልሻል» አለኝ። ምራቴ አጠገቡ ቆማ ፈገግ አለች። ደግ ልጅ ናት፤ ክፍሉም ያማረ ነው። ግን ከማድቤቱ በጣም ይርቃል። አዴ ጫልቱ የፈሩት ምን እንደነበር ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ልጄንና ምራቴን መርቄ ስጨርስ ወንበሬን አንሥቼ ወደ ማድቤት ገባሁ።