ጅራቱ አይቆረጥም

እኔ ፊልም አለቀ ብሎ ብድግ የሚል ሰው አልወድም። ሱቄ ውስጥ ከሆነማ እጅጌውን ይዤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። «የት ነው? ጅራቱ መቼ አለቀና» እለዋለሁ። ግራ ይጋባል፤ ይጋባ። ትንሽ ከታገሰ ራሱ ያየዋል፤ ካልታገሰም በሩ ያውና።

ሱቄ አብነት ሰፈር ነው። ድሮ የፊልም ሲዲ አከራይ ነበርኩ። ዘንድሮ ሲዲ የሚከራይ ሰው የለም፤ የስልክ ከቨር እሸጣለሁ፣ የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ለፈለገ ሰው ፍላሽ ላይ ፊልም እጭናለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ገበያ የለም። የላሜራውን በር እስከ ግማሽ አወርድና፣ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ዱካዎች ተውሼ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። የምናየው የአንድ ዳይሬክተር ፊልሞችን ብቻ ነው። ያሉት አራት ናቸው። አራቱንም በቃላችን ይዘናቸዋል፤ አሁንም እናያቸዋለን። ሥራ የላችሁም ወይ የሚሉን አሉ። አለን፣ ይሄ ነው።

ዳይሬክተሩን በዘመናቸው ከቁም ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። ፊልማቸው ሲኒማ ቤት ሲገባ ተመልካቹ ያፏጭ ነበር። አልፈርድበትም፣ ሥራቸው ሌላ ነው። የሚያለቅስ ሰው ፊት አያሳዩም፤ ጫማውን ነው የሚያሳዩት። ባልና ሚስት ሲጣሉ ካሜራው እነሱን ትቶ ምድጃ ላይ የሚንተከተከውን ሽሮ ያያል። ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጅራት አለ። ተዋናዮቹ የሚሉትን ብለው፣ በሩን ዘግተው ከሄዱ በኋላ ካሜራው አይጠፋም። ባዶው መንገድ ላይ ፈጦ ይቀራል። ድመት ታልፋለች፣ የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ ያስላል፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ይሄንን ትርፍ ጊዜ ነው ጅራት የምንለው። ሌላው ሰው የሚሰለቸው እዚህ ጋ ነው። እኛ ደግሞ ፊልሙን የምናየው ለጅራቱ ስንል ነው።

እኛ የምለው ብዙ ሰው አይምሰላችሁ። ሲኒማ የተማረ አንድ ወጣት አለ፤ አንድ ነገር ሲያደንቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያወራው። አንድ ጎሚስታ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ይውልና እሁድ እጁን በሳሙና ሲፈትግ ቆይቶ ይመጣል። ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ የድሮ ጎረቤቴ አሉ። ደንባችን አንድ ነው። ጅራቱ ሲጀምር ማንም አያወራም፤ ያወራ የሁሉንም ሻይ ይጋብዛል። የተፈቀደው ሰላምታ ብቻ ነው። እሱን ያመጡት ጧፍ ሻጯ ናቸው። ፊልሞቹ የተቀረፁት አሁን ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ በፈረሰው ሰፈራችን ነው። በጅራቱ ውስጥ ውልብ የሚሉት ተዋንያን ሳይሆኑ የኛው ጎረቤቶች ናቸው፤ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ከተማው ዳር ተበትኗል። ጧፍ ሻጯ አንድ ቀን ሳያስቡት ስክሪኑን «ደህና ዋላችሁ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እንላለን።

ሁለተኛው ፊልም ላይ እናቴ አለች።

ታሪኩ የአባታቸውን ቤት ስለሚካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች ነው። መጨረሻው ላይ ታናሽየው የቆርቆሮውን በር ዘግቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። ካሜራው ይቀራል። ባዶ መንገድ። ከዚያ ከፊት ለፊት ያለው በር ብርግድ ይልና አንዲት ሴትዮ ሳፋ ሙሉ የልብስ እጣቢ ተሸክማ ትወጣለች። ካሜራውን ታየዋለች። ፊቷ ይለዋወጣል። «ከደጄ ዞር በሉልኝ» ትልና እጣቢውን እላያቸው ላይ ትደፋዋለች። የካሜራው መስታወት በጠብታ ይሞላል፣ ጨለማ፣ አለቀ።

እዚህች ትዕይንት ላይ የተከራከርነውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሲኒማ የተማረው ልጅ ሴትዮዋ በፊልሙ በራሱ ላይ ያመፀች ሕይወት ናት ይላል። ጎሚስታው አይደለም፣ ውሃው የወንድምየው እንባ ነው፤ ዳይሬክተሩ እንባ አያሳዩም፣ ስለዚህ በሳፋ ደፉት ብሎ ይሟገታል። ይሄ የጎሚስታው ነገር፣ ልንገራችሁ፣ እኔንም አንጀቴን ይበላኛል። ግን እናቴ ናት፣ ውሃውም የልብስ እጣቢ ነው አልኳቸው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ እናትሽ መሆናቸው የትዕይንቱን ትርጉም አይቀይረውም አለኝ። ልመታው ነበር።

እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ቀብሯ ላይ የያዝነው እንኳን ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ተነስቶ የጎላ ነው፤ እሷን አይመስልም፣ ፈርታ ነው የተነሳችው። እናቴ ደግሞ ፈሪ አልነበረችም። ሰፈሩ ሲፈርስ ከተማው ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳት። ቤቱ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ግን እጣቢ የምትደፋበት ደጅ አልነበራትም፣ የምትቆጣውም ሰው አላገኘችም። ብዙም አልቆየች። እኔ ተመልሼ ልደታ ገባሁ፤ ቤታችን የነበረበት መሬት ላይ በቆመው ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። በራሷ መሬት ላይ ተከራየች ብለው የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። እንግዲህ የእናቴ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ጅራት ውስጥ ብቻ ነው። አራት ቃል እንኳን አይሞላም። ፊልሞቹን ያከፋፍል የነበረው ሰው ከስሮ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ሙሉ ቅጂው ያለው እኔ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው።

ዳይሬክተሩን በስልክ ፈልጎ ያገኛቸው ልጁ ነው። ይመጣሉ ሲለን ጎሚስታው ፀጉሩን ተስተካከለ። እኔ ከቨሮቹን ሁሉ ከግድግዳ አውርጄ ሱቁን አጠብኩ። ጧፍ ሻጯ ዳቦ ጋግረው መጡ። ያቺ እሁድ ደረሰች፤ ሽማግሌው ኮታቸውን እንደለበሱ ጎንበስ ብለው በግማሹ በር ገቡ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ተነስተን ቆመን ተቀበልናቸው። አክብሮት ምን እንደሚመስል ያን ቀን ብታዩን ኖሮ።

ሁለተኛውን ፊልም ከፈትንላቸው። በሩ ተዘጋ፣ ታናሽየው ሄደ፣ ጅራቱ ጀመረ፣ እኛ ዝም። እሳቸው ይቁነጠነጣሉ። ጧፍ ሻጯ ቀስ ብለው ደህና ዋላችሁ ሲሉ ደንገጥ ብለው ዞሩ። እናቴ ወጣች። ውሃው ሲመጣ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ልጁ ማስታወሻውን አዘጋጅቶ ስለ ስታይላቸው ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«ይሄ ስታይል አይደለም ልጆቼ። ስህተት ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩን። ካሜራ ማኑ ቶሎ አያጠፋም ነበር፤ ትርፉ ኋላ ኤዲቲንግ ላይ ይቆረጣል ተብሎ ነው። መብራት ደግሞ በፈረቃ ነበር። ፊልሞቹን ለፋሲካ ለማድረስ እንደሚሯሯጡ፣ ሊቆርጡ ሲቀመጡ መብራቱ እንደሚሄድ፣ ቀኑ ደርሶባቸው እንዳለ ለማባዣ እንደሚልኩት አወሩን። አራቱም እንደዚያው ወጡ። ሰው ሲያፏጭባቸው ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን እያወቁ ዝም አሉ። አሁን አንድ የኢንተርኔት ቻናል ፊልሞቹን ሊወስድላቸው ነው። ጅራቱ ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ገብቶበት፣ ሌላ ቅጂ የትም እንዳይገኝ ብሎ። የራሳቸው ካሴቶች ጣራ አፍስሶባቸው ተበላሽተዋል። የመጡት ለኔ ዲስክ ነው።

ልጁ አመድ መሰለ። ጎሚስታው ባዶ የሻይ ብርጭቆ አንስቶ ይጠጣ ጀመር። እኔ እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም፣ እውነቴን ነው። እንዲያውም አዝኜላቸው ነበር። ቀጥለው ግን በተለይ ያቺ ባለጌ ሴትዮ መውጣት አለባት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያሳፈረችኝ እሷ ናት አሉ። ደሜ ፈላ። ጧፍ ሻጯ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ፤ አባታችን ይሆናሉ፣ ተይ ማለታቸው ነው።

ፊልሙ የእርስዎ ነው አልኳቸው። ይቁረጡት፣ ሙዚቃ ይጨምሩበት፣ ካሻዎትም ያስጨፍሩበት። ቅጂውን አሁኑኑ ፍላሽ ላይ እጭንልዎታለሁ። ይሄ ዲስክ ግን ከዚህ ሱቅ አይወጣም፣ አንዲት ነገርም አይጠፋበትም።

«ሰው የገዛ ስህተቱን ማረም አይችልም?» አሉኝ።

ይሄን ሲሉ ልቤ እንደመሸነፍ አለ፤ ጥያቄው እውነት ነበረው። ሰውየው ቀሪ ዕድሜያቸውን ሳይፏጭባቸው ሊኖሩ ፈልገዋል፣ ምን ክፋት አለው? ግን እኔስ?

«ስህተትዎን ያርሙ» አልኳቸው። «እናቴ ግን ስህተት አይደለችም።»

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ተነስተው ኮምፒውተሩ አጠገብ ወዳለው ዲስክ እጃቸውን ዘረጉ። መስጠቴ ነው ብለው ይሁን፣ ግራ ገብቷቸው፣ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ሳላስበው ከአፌ የወጣው።

«ከደጄ ዞር ይበሉልኝ።»

አንቱ እያልኩም ያው የእናቴ ድምፅ ነበር። ራሴም ሰማሁት። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«የሷ ልጅ ነሽ» አሉ።

ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገሩኝ። ያን ቀን ውሃው ደረታቸውን አርሶት፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲስቁባቸው፣ አፍረው ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ሴትዮዋ ከኋላ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ሁለተኛ ልትደፋብኝ ነው ብለው ፈርተው ነበር። ጎትታ ቤቷ አስገባቻቸው፣ ኮታቸውን አስወልቃ ከሰል ማንደጃው አጠገብ ሰቀለች፣ ጋቢ አለበሰቻቸው። ኮቱ እስኪደርቅ፣ «ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ያስፈቅዳል» እያለች ስትቆጣቸው ዋለች። ምሳም አበላቻቸው፣ እየተቆጣች።

«ካሜራው ጠፍቶ ነበር» አሉ። «እሱን አልቀረፅነውም።»

እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ። እናቴ ይሄን አንድም ቀን አላወራችኝም። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ነው አላልኩም፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሽማግሌው ፊቴን አላዩትም። አንገታቸውን ደፍተው ጫማዬን ነበር የሚያዩት።

ዲስኩን ግን አልሰጠኋቸውም። እንባዬን ጠርጌ ፍላሽ ላይ ጫንኩላቸው፤ እሳቸውም አመስግነው ተቀበሉኝ። ልጁ እስከ ታክሲ ድረስ ሸኛቸው። ተመልሶ ሲመጣ ስህተትም ቢሆን ትርጉሙን አይቀይረውም አለን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማንለት።

የተቆረጠው ፊልም ወጥቷል። በሩ ሲዘጋ ማሲንቆ ይገባና ያልቃል። እናቴ የለችም። ብዙ ሰው አይቶታል፤ ቆንጆ ነው ይላሉ፣ ይበሉ። እኛ ከሥሩ «ጅራቱ የት ሄደ?» እያልን እንጽፋለን፤ ያጠፉታል፣ መልሰን እንጽፋለን። ሰውየው ለቻናሉ ሌላ ቅጂ የለም ብለው እንደፈረሙ ሰምቻለሁ። አልጠየቅኳቸውም። ይሄን በመጻፌ የሚቆጣ ካለ እሳቸውን ይተዋቸውና ወደኔ ይምጣ። አብነት ሰፈር ነኝ፣ ሱቄን ማንም ያሳየዋል።

እሁድ እሁድ እሳቸውም ብቅ ማለት ጀምረዋል። አስፈቅደው ነው የሚገቡት፤ በሩ ሥር ጎንበስ ብለው «ይቻላል?» ይላሉ፣ እኔም «ይግቡ» እላለሁ። ልጁ ስለ ገዛ ፊልማቸው ሊያስረዳቸው ይታገላል፣ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁለታል። ታናሽየው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሲሄድ ማንም አይነሳም። ጧፍ ሻጯ ደህና ዋላችሁ ይላሉ። እናቴ በሩን በርግዳ ትወጣለች። ሳፋውን ከፍ ስታደርግ ሽማግሌው ከፊት ዱካ ላይ ሆነው ኮታቸውን ሰብሰብ፣ እግራቸውን ወደኋላ ሸሸት ያደርጋሉ።