የረጅሙ በር መስመር

ከኮሌጅ ወጥቼ አዘዞ በሚገኝ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መዶሻ እንኳ አልያዝኩም። የላሜራ ክፍሉ ኃላፊ አያ ደምሴ ጨርቅ ሰጡኝና «ዓይንህን ጨፍነህ ይህን ፓራፋንጎ ዳብስ» አሉኝ። ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ ያለው የመኪናው አካል ነው። ዳብሼ «ደህና ነው» አልኳቸው።

«ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። መዳፍህ ገና ተኝቷል፤ ቀስቅሰው!» ብለው ሳቁብኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነበር። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አራዳ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ኑሩ ባለሁለት በር፣ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪናቸውን አመጡ። ግራ በሩን ባጃጅ ገጭቶታል። እሑድ ሴት ልጃቸው የምትዳረው በዚያ መኪና ነበር።

የመኪናው ውበት ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ጣሪያው ሲታጠፍ ከወገቡ በላይ ምንም አይቀርም። ስለዚህ ዓይን የሚከተለው ከፊት መብራት ተነሥቶ፣ በረጅሙ በር አልፎ፣ እስከ ኋላ መብራት የሚሄደውን አንድ ስል መስመር ነው። ላሜራው እዚያ ላይ ስለሚታጠፍ ከላዩ ብርሃን፣ ከሥሩ ጥላ ይውላል። መስመሩ ትንሽ ቢዛነፍ የሚሸፍነው ነገር የለም።

አያ ደምሴ ላሜራውን አቀኑ። በስቱኮ መለሰኑንና በብርጭቆ ወረቀት መስመሩን ማውጣቱን ለእኔ ተዉልኝ። ለእጄ እንዲመች በሩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት፤ መስመሩንም በማስመሪያ እየለካሁ ቀጥ አደረግሁት። ከቀለም በፊት የሚቀባውን ግራጫ ፕራይመር ስቀባው አያ ደምሴ ዳብሰው «ሸጋ ነው» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ገጠምኩት። ፕራይመር ስለማያንጸባርቅ ስህተት ይደብቃል፤ ስለዚህ ረጥቦ እንዲያንጸባርቅ ውኃ ደፋሁበት። የጋራዡ የቆርቆሮ አጥር ጫፍ ምስል በፓራፋንጎው ላይ ለስልሶ መጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ለካ የፋብሪካው መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም፤ መሐሉ በጥቂቱ ወደ ላይ ለመጥ ይላል።

ውኃው ደረቀና በሩ እንደገና ደህና መሰለ። ቀለም ቀቢው ከሰዓት ሊጀምር ነው። ብናገር መኪናው ለእሑድ አይደርስም፤ እኔም ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ዝም ብል ግን ጥፋቱ በበሩ ማጠፊያ ይሳበባል። ለአያ ደምሴ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ምነው ፈታኸው?» አሉ አያ ደምሴ።

«ይመቸኛል ብዬ ነው፣ አያ።»

«ለአንተ ተመቸህ፤ ለበሩ አልተመቸውም። እኔም እንደ ተጋደመ ዳብሼ አሳለፍኩት» አሉና ለሐጂ ደወሉ።

ሐጂ እየተቆጡ መጡ። «ልጄን በጋሪ ልዳራት?»

«ሐጂ፣ ዛሬ ብንቀባው ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን መስመሩ እንደ ተሰበረ ይኖራል። ይምረጡ» አሉ አያ ደምሴ።

«ማነው ያየው?» አሉ ሐጂ።

«ያበላሸሁትም ያየሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐጂ መኪናውን ዞረው አዩት። «የወንድሜ መኪና አለ። ልጄን እኔ አስረዳታለሁ። አንተ ግን መኪናዬን እንደ ነበረ መልስልኝ።»

በሩ እንደ ተገጠመ ሁለት ቀን ተንበርክኬ አሸሁት። ሰኞ ተቀባ፤ የአጥሩም ምስል ሳይሰበር አለፈ። ሥራዬን አላጣሁም፤ የሙከራ ጊዜዬ ግን በአንድ ወር ተራዘመ። ሙሽራዋም በአጎቷ መኪና ሄደች፤ ያንን ማካካስ አልቻልኩም።

ዛሬ ይህንኑ ሙያ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው፦ መስመር የሚወጣው በሩ ቦታው ላይ ተገጥሞ፣ ከፊትና ከኋላው ካለው ላሜራ ጋር እየተያየ ነው። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ቀለሙ ሳይቀባ ተናገሩ።