ምንጣፍ የተነጠፈበት መቃብር

ዕድሜዬ ገፍቷልና ዓመቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ ይመስለኛል። ጁባ፣ ጀበል ተራራ ሥር፣ ለድሆች ርካሽ ቤት ሊሠራ ታስቦ መሬቱ ይመች እንደሆነ ይጠና ነበር። የአገሬ ልጅ የሆነ ኢንጂነር ፎርም ይሞላል፤ እኔ የሜትሩን ጫፍ እይዛለሁ።

ኛኮንግ የምትባል፣ ጋምቤላ ያደገች ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ጎን ሳበችኝ።

“አባባ፣ ባሌን እዚሁ ግቢ ነው የቀበርኩት። መቃብር ካለ ቤት አይሠሩልሽም አሉኝ። ምንጣፍ አንጥፌበታለሁ፤ እንዳይናገሩብኝ።”

“ልጄ፣ ከእንጀራዬ ልታፈናቅዪኝ ነው?”

“ኧረ አባባ! ልጆቼ ቤት ቢያገኙ እርስዎ ምን ይጎድልብዎታል?”

ኢንጂነሩ መቃብር እንዳለ ሲጠይቃት “ማፊ፣ የለም” አለች። ወደ እኔ ዞረ።

“ጋሼ፣ እርስዎስ አይተዋል?”

“አላየሁም” አልኩ፣ ምንጣፉ ላይ እንደቆምኩ።

ከወራት በኋላ ግቢዋ በዶዘር ተጠረገ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ኢንጂነሩን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘሁትና ስለ እሷ ጠየቅሁት።

“ልጆቿን ይዛ ጋምቤላ ተመልሳለች አሉ።”

“ቤት ሊሰጣት አልነበር እንዴ?”

“ጋሼ ደግሞ! ቤቱ ደመወዝ ላለው ነው። እንዳንነካ የታዘዝነው መቃብር ያለበትን ግቢ ብቻ ነበር። ጎረቤቷ ሁለት መቃብር አስመዝግቦ ይኸው እዚያው ይኖራል።”

ከዚያ ዕለት ወዲህ ስለ እሷ የሰማሁት ነገር የለም።